ተማሪ ለተማሪ መምህር ሲሆን



በአሁኑ ጊዜ ስለ ትምህርት አሰጣጥ በሚደረገው ንግግር ሁሉ «የቡድን ትምህርት» የሚለው ቃል ሳይነሣ አይቀርም። በየመሥሪያ ቤቱ በሚሰጠው ሥልጠና እንኳ ሠልጣኙ በአራትና በአምስት ተከፍሎ፣ ወንበሩን አዙሮ እንዲነጋገር ይታዘዛል። ይህም ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ብልሃት መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ከባሕር ማዶ የመጣው ግን ስሙ ነው እንጂ ሥራው አይደለም፤ ይህንንም ለማስረዳት የዛሬውን ንግግራችንን ወደ ላስታ ተራሮች እንወስደዋለን።

ከላሊበላ ከተማ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው በገደል ሥር፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸውን የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ነአኩቶ ለአብ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ሲሆን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት ከነገሡት የዛጔ ነገሥታት አንዱ ነው። ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውሃ ከሥሩ በተቀመጡት የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ምእመናኑም ጸበል ብለው ይወስዱታል። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን ግን ዋሻው ሳይሆን፣ በእንደዚህ ያሉ አድባራት ቅጽር ዙሪያ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የትምህርት ሥርዓት ነው።

በንባብ ቤት ሕፃኑ ሀ ሁ ብሎ ይጀምርና አቡጊዳን አልፎ ፊደለ ሐዋርያን፣ ከዚያም ወንጌልንና ዳዊትን ይቀጥላል። በዚህ ቤት አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም፤ የመግቢያና የማለፊያ ቀንም አልተወሰነም። አንዱ ዛሬ ገብቷል፣ ሌላው ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ አንዱ ፈጣን ነው፣ ሌላው ከብት ሲጠብቅ ሰንብቶ የመጣ ነው። ስለዚህ ሠላሳ ልጅ ቢኖር ሠላሳ ልዩ ልዩ ትምህርት አለ ማለት ነው። መምህሩ ግን አንድ ናቸው። እንግዲህ አንድ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ይችለዋል ቢባል፣ ዳዊት የደገመው ወንጌል ለሚያነበው፣ ወንጌል የሚያነበውም ፊደል ለሚቆጥረው መምህር ይሆናል። ሕፃናቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የየራሱን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ለእንግዳ ሰው ሁከት ይመስለዋል። የመምህሩ ጆሮ ግን ለምዶታልና ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የሳተውን አንዱን ድምፅ ለይቶ ይይዛል።

ነገሩ ይበልጥ የሚጎላው በቅኔ ቤት ነው። ከላስታ ጋር የሚዋሰነው ዋድላ፣ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሡን እያጠና፣ ሁለት ቤት ካለው ጉባዔ ቃና ይነሣና ሦስት ቤት ባለው በዘአምላኪየ አልፎ፣ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል። ቀን በየዛፉ ጥላ፣ በየገደሉ አፋፍ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ጉባኤው ሲሰበሰብ ደግሞ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያርማሉ። በኋላም ራሳቸው ይዘርፋሉ። የተዘረፈው ቅኔ የሚያዘው በብራና ሳይሆን በቃል ነውና፣ አንዱ የመጀመሪያውን ቤት ቢያስታውስ ሌላው ማሠሪያውን ያስታውሳል፤ ተማሮቹ ወደ ጎጆአቸው ሲመለሱ ተሰብስበው ያሟሉታል፣ ሰሙንና ወርቁን ይፈቱታል፣ ይከራከሩበታል። ሙሉ ቤት የደረሰው ተማሪ ከእርሱ በታች ያለውን ይሰማል፣ ያቀናል። እንዲህ ሲያደርግ የሌላውን ሥራ የሚሠራ ይመስላል እንጂ የራሱን ትምህርት እየከለሰ ነው፤ ያልተረዳውን ነገር ለማስረዳት ሲሞክር ያን ጊዜ ጉድለቱን ያውቀዋልና።

ማኅበሩም የትምህርት ብቻ አልነበረም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ያገኘውን ይዞ የሚመለሰው ወደ ጓደኞቹ ነው። ዛሬ ያልቀናው ከቀናው ይካፈላል፤ የታመመውንና ዓይነ ስውሩንም ባልንጀራው ያበላዋል። በቃል የሚሰጥ ትምህርት ስለሆነ ዓይነ ስውር ተማሪ ከዓይናማው አያንስም ነበር፤ ከዚያም አልፎ ስመ ጥር መምህር የሆኑ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አለቃ ለማ ኃይሉ ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ የነገሩትን፣ በ1959 ዓ.ም. የታተመውን የትዝታ መጽሐፍ ቢያነብ ይጠቀማል።

ይህ በቡድን የመማር ልማድ ፍሬው በአደባባይ የሚታየው በማኅሌት ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ለሁለት ተከፍለው ይቆማሉ፤ መሪጌታው፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው እየመሩ አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ይቀበላል። በላሊበላ በልደት በዓል በቤተ ማርያም የሚደረገው «ቤዛ ኵሉ» ከዚህ ሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። ካህናቱ ከፊሎቹ ከላይ በዐለቱ ጠርዝ ዙሪያ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ፤ የላዮቹ በመላእክት፣ የታቾቹ በሰዎች ይመሰላሉ። አንዱ ወገን ከመቋሚያው ምት ቢዘገይ የሌላው መልስ ይሰናከላል። እንደዚህ ያለው ስምምነት በአንድ ሳምንት ልምምድ የሚገኝ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ ያለፈውን ሁሉ ማመስገን አይገባም። በዚያ ትምህርት ቤት አለንጋ ብዙ ሠርቷል። ሳይረዱ በቃል መያዝም ብዙ ዓመት በልቷል። ሴት ልጅ ለረጅም ዘመን ከዚህ ማኅበር ውጭ ነበረች፤ በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ማስተማራቸው እስከ ዛሬ እንደ ድንቅ መነገሩ ራሱ የነገሩን ብርቅነት ያሳያል።

ይህን መሰል ሥርዓት በሌላም አገር ተገኝቷል። እንድሩ ቤል የተባለው የስኮትላንድ ቄስ በሕንድ አገር በማድራስ የሙት ልጆች ትምህርት ቤት ሲያስተዳድር፣ የአገሬው ልጆች በአሸዋ ላይ እየጻፉ እርስ በርሳቸው ሲማማሩ አይቶ ያንኑ በትምህርት ቤቱ አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1797 ዓ.ም. ስለዚሁ መጽሐፍ አሳተመ። በሚቀጥለው ዓመት ዮሴፍ ላንካስተር በሎንዶን ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አንድ መምህር በጎበዞች ተማሪዎች አማካይነት እስከ 1000 ልጆች ያስተምራል ይል ነበር። ሥርዓቱ በብዙ አገር ከተስፋፋ በኋላ ግን እየተተወ ሄደ። በእኔ አስተያየት የጎዳው ዋናው ነገር እንደ ወታደር ሰልፍ መሆኑና ዓላማውም ወጪ መቆጠብ መሆኑ ነው፤ አለቃው ልጅ ከመምህሩ የሰማውን ቃል ለታናናሾቹ ከማድረስ በቀር የሚያስብበት ነገር አልነበረውም።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤታቸውን ከከፈቱ ወዲህ ዘመናዊው ትምህርት ሲስፋፋ፣ ተማሪው በረድፍ ተቀምጦ ሰሌዳውን እንዲመለከት፣ ከጎረቤቱ ጋር ቢነጋገርም እንዲቀጣ ሆነ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪውን የትምህርቱ ማዕከል ለማድረግ አሰበ። ከዚያም በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ጋር «1 ለ 5» የተባለው አደረጃጀት ከገበሬው መንደር እስከ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትም እስከ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሐሳቡ ጎበዙ ተማሪ ደካማውን ይርዳ የሚል ነበርና በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ከላይ በትእዛዝ የወረደና የፖለቲካ መቆጣጠሪያ ነው ተብሎ የተጠረጠረ ስለሆነ፣ ተማሪው ልቡን አልሰጠውም። በብዙ ቦታ ጎበዙ የቤት ሥራውን ለብቻው ሠርቶ የሌሎቹን ስም ከሥሩ ይጽፍ ነበር፤ ማርኩም ለሁሉ እኩል ይሰጥ ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ስሙም እየራቀ ሄደ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር በኦስቲን ከተማ፣ የነጭ፣ የጥቁርና የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች በአንድ ክፍል መማር በጀመሩ ጊዜ ጠብ በረታ። ኤሊየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ትምህርቱን ቆራርሶ ለእያንዳንዱ ልጅ ሌላው የሌለውን አንድ ክፍል ሰጠ። ማንም ከጓደኛው ሳይሰማ ትምህርቱን ሊያሟላ አይችልም፤ በመጨረሻ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይፈተናል። የዋድላ ተማሪ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም፤ እርሱም ማሠሪያውን የያዘውን ባልንጀራውን ሲፈልግ ያመሸ ነው። ጓደኛው ቀን ግሡን ቢያስጠናው፣ ምሥጢሩን ቢፈታለት፣ ጉባኤው ሲሰበሰብ የሚነግረው በገዛ አፉ ነው። መምህሩም ቃሉ ከማን እንደ ወጣ ከአነጋገሩ ያውቁታል።