ቀጣዩ ክፍል መቼ ይወጣል?

ሐሙስ ጁላይ 8 ቀን 1999 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ መጻሕፍት መደብሮች አንድን መጽሐፍ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በፊት እንዳይሸጡ ታዘው ነበር። መጽሐፉ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሦስተኛው የሃሪ ፖተር ክፍል ነው። አሳታሚው ብሉምስበሪ ያንን ሰዓት የቆረጠው ልጆች መጽሐፉን ፍለጋ ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ሰግቶ ነው። ልጅ ለማንበብ ብሎ ከክፍል ይጠፋል ተብሎ የተፈራበት ቀን ነበር።

ይህ የ"ቀጥሎስ ምን ሆነ?" ጥማት ግን በሃሪ ፖተር አልተጀመረም። ጥማቱን ቋሚ ንግድ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው የኒው ጀርሲው ኤድዋርድ ስትራትመየር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ባቋቋመው ድርጅት የታሪኩን ንድፍ ያወጣና ለቅጥር ጸሐፊዎች ያከፋፍላል። ጸሐፊዎቹ ቁርጥ ክፍያቸውን ተቀብለው፣ መብታቸውን በፊርማ አስረክበው ይሄዳሉ። በሽፋኑ ላይ የሚታተመው የብዕር ስም ብቻ ነው። ከድርጅቱ ተከታታዮች አንዱ የሆነው የናንሲ ድሩ ደራሲ ተብላ የምትታወቀው ካሮሊን ኪን በሕይወት ያልነበረች ሰው ናት፤ በ1930 የወጡትን የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች የጻፈችው ሚልድሬድ ዊርት ስትሆን ለአንድ መጽሐፍ 125 ዶላር ይከፈላት ነበር። የአንዱ መጽሐፍ መሸጫ ዋጋ 50 ሳንቲም ነበርና ልጆች ከኪሳቸው ሊገዙት ይችሉ ነበር። ምዕራፉ የሚዘጋው ደግሞ ባለታሪኩ ጭንቅ ውስጥ እንዳለ ነው። አዲስ ተከታታይ ሲጀመር ሦስት ክፍሎች በአንድ ላይ ገበያ ላይ ይውላሉ፤ አንዱን የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን ፍለጋ ሩቅ እንዳይሄድ።

የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ይህን አልወደዱም። የአሜሪካ ቦይ ስካውት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፍራንክሊን ማቲውስ በ1914 ባወጣው ጽሑፍ እነዚህ ርካሽ ተከታታዮች የልጆችን ምናብ እንደ ፈንጂ ያወድማሉ ብሎ ከሰሰ። ብዙ ቤተ መጻሕፍትም መደርደሪያቸውን ዘጉባቸው። ስለ አጻጻፉ ጥራት ማቲውስ ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ብዙዎቹ በጥድፊያ የተጻፉ ነበሩ። አንባቢውን ግን ናቀው። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚከተል ልጅ ያለፈውን እያስታወሰ፣ የሚመጣውን እየገመተ፣ ግምቱ ሲፈርስ እንደገና እያሰበ ነው የሚያነበው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ተከታታይ ምናባዊ ልብ ወለድ በትልልቆቹ ዘንድ ክብር ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። ሲ. ኤስ. ሉዊስ ሰባቱን የናርኒያ መጻሕፍት ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ እያለ አወጣ። በ1967 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኘው ትንሹ ፓርናሰስ ፕሬስ፣ ኧርሱላ ለ ግዊን ከፍ ላሉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍ ጠየቃት። በዓመቱ የወጣው የመጀመሪያው የኧርዝሲ መጽሐፍ ባለታሪኩን ጌድን መዳብ የመሰለ ጠይም ልጅ አድርጎ አቀረበው። በዚያን ዘመን በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ጀግናው ነጭ መሆኑ እንደ ደንብ ይታይ ነበርና ለ ግዊን የወሰደችው ድፍረት የሚደነቅ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ግን ሽፋኑ ላይ ጌድን ነጭ አድርገው ሳሉት፤ እሷም ቅሬታዋን ለዓመታት በአደባባይ ተናገረች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል በ1971 እና በ1972 ወጡ። አራተኛው የታተመው በ1990 ነው። ሦስተኛውን በ12 ዓመቷ የዘጋች አንባቢ አራተኛውን የከፈተችው 30 ሲሞላት ነው ማለት ነው።

የሃሪ ፖተር አነሳስም እንዲሁ ዝቅተኛ ነበር። በ1997 የመጀመሪያው ክፍል ባለ ጠንካራ ሽፋን ሆኖ ሲታተም 500 ቅጂ ብቻ ነበር፤ አብዛኛውም የሄደው ወደ ቤተ መጻሕፍት ነው። ማቲውስ ተከታታዮችን ያባረረባቸው መደርደሪያዎች ዓይነት የዚህኛው መነሻ ሆኑ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 8 ቀን 2000፣ አራተኛው ክፍል በእኩለ ሌሊት ለሽያጭ ሲቀርብ ለአሜሪካ ብቻ 3.8 ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ነበር። በዚያው ወር ኒው ዮርክ ታይምስ በብዛት የተሸጡ የልጆች መጻሕፍትን ለብቻ የሚደረድር አዲስ ሰንጠረዥ ጀመረ፤ ቀደምቶቹ ሦስት ክፍሎች ከአዋቂዎቹ ሰንጠረዥ አልወርድ ብለው፣ ሌሎች አሳታሚዎች ቦታ አጣን ብለው አቤት ስላሉ ነው።

አምስተኛው ክፍል እስከ 2003 ዘገየ። አንባቢዎች በእነዚያ ዓመታት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የወጡትን ክፍሎች ደጋግመው አነበቡ፣ ተከራከሩ። ስድስተኛው ክፍል በ2005 ሲወጣ መጨረሻው ላይ ማንነቱን ያልገለጸ ሰው በሦስት ፊደላት ብቻ የፈረመበት ማስታወሻ ነበር። ጥንቁቆቹ ወደ አምስተኛው ክፍል ተመለሱ። እዚያም በአንድ አሮጌ ቤት ጽዳት መካከል፣ ማንም ሊከፍተው ያልቻለ የአንገት ጌጥ በአንዲት ሐረግ ተጠቅሶ አልፏል። የፈራሚውን ማንነት ከዚያ ጌጥና ከቤቱ ባለቤቶች ጋር አገናኝተው ደረሱበት፤ ሰባተኛው ክፍል በ2007 ሲወጣ ግምታቸው ትክክል ነበር። በወጣበት ቀን በአሜሪካ ብቻ በ24 ሰዓት ውስጥ 8.3 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ።

ቀጣዩን ክፍል የመጠበቅ ልማድ ግን ከሃሪ ጋር አላበቃም። ከቴሌቪዥን ድርሰት የመጣችው ሱዛን ኮሊንስ በ2008 የጀመረችው የረሃብ ጨዋታዎች ተከታታይ አስማት ባይኖረውም፣ ምዕራፎቹ የሚቆሙት ልክ እንደ ስትራትመየር መጻሕፍት አደጋው ደፍ ላይ ሲደርስ ነው። በሴፕቴምበር 2009 የወጣው ሁለተኛው ክፍል የሚያበቃው ባለታሪኳ ካትኒስ የተወለደችበት አውራጃ መውደሙን በምትሰማበት ቅጽበት ነው። እናትና እህቷ ያሉት የት ነው? አውራጃውን ያጠፋው ኃይል ቀጥሎ ማንን ይመታል? አንባቢዎች መልሱን ለማግኘት እስከ ኦገስት 24 ቀን 2010 ጠበቁ፤ ያን ሌሊትም ብዙ የአሜሪካ መደብሮች እንደገና በእኩለ ሌሊት በራቸውን ከፈቱ።