የስለት መንገድ፤ ከቂሊንጦ እስከ ዝቋላ ስለሚታየው የእግረኛ ጽናት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ የሚገኘው ቂሊንጦ በዛሬው ትውልድ ዘንድ የሚታወቀው በማረሚያ ቤቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በመድኃኒት ማምረቻው የኢንዱስትሪ ሰፈርና በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ ነው። ዳሩ ግን ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ አካባቢው እርሻና ግጦሽ የነበረበት የሜዳ አፍ ነበረ። ሰማዩ በጠራበት ማለዳ በዚያ የቆመ ሰው በስተምሥራቅ የረርን፣ በስተደቡብ ደግሞ ከሜዳው መካከል ብቻውን የተነሣውን የዝቋላን ተራራ ያያል። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ 2,989 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ከቂሊንጦ ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጫፉ ላይ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረው ጎድጓዳ ስፍራ ሐይቅ ሆኗል፤ በአጠገቡም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ይገኛል። ጥቅምት 5 ቀንና መጋቢት 5 ቀን በሚውሉት ዓመታዊ በዓላት ከየአቅጣጫው ብዙ ሕዝብ ወደዚያ ይወጣል። የአካባቢው የኦሮሞ ሕዝብም ተራራውንና ሐይቁን በራሱ ልማድ ሲያከብር ኖሯል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው። ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ እግሩ ውሃ ቋጥሮ፣ ተረከዙ ተሰንጥቆ፣ ልቡም ማመንታት ሲጀምር ስለ ምን አይመለስም? ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ሃይማኖቱ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ችግር የለመደ ገበሬ ስለ ሆነ ነው» ይላል። የፊተኛው ነገሩን ሁሉ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የኋለኛው ደግሞ በአንድ ሰው እግር ቆዳ ላይ ያኖረዋል። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ የእግረኛው ጽናት በዋናው ነገር ከግለሰቡ ልብና ከግለሰቡ እግር ውጭ የቆመ፣ ብዙ ሰዎች በብዙ ዘመን ያበጁት ሥርዓት መሆኑን ሁለቱም ይስቱታል።

ከእግር ነገር መጀመር ይገባል። እግር ውሃ የሚቋጥረው ቆዳው ከላብ ወይም ከጭቃ የተነሣ ርሶ ሲለሰልስና በየእርምጃው ሲታሽ ነው፤ የላይኛው ሽፋን ከታችኛው ይላቀቅና በመካከሉ ፈሳሽ ይሞላል። ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ የኖረ ሰው ጫማው የገዛ ቆዳው ስለ ሆነ ይህ ችግር እምብዛም አያገኘውም። የእርሱ ጠላት ንቃቃት ነው። ጫማ የለመደው ከተሜ ግን ቆዳው ለስላሳ ስለ ሆነ፣ ይልቁንም ጫማው አዲስ የሆነ እንደ ሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን እኩሌታ ላይ ማነከስ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 በሮም የማራቶን ውድድር አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማሸነፉ ዓለምን ሁሉ አስደንቋል፤ ለእግሩ ያልተመቸውን ጫማ ትቶ የለመደውን መምረጡ ግን በኢትዮጵያ ደጋ መንገድ የኖረ ሰው ሁሉ የሚረዳው ነገር ነበረ።

ሆኖም ባዶ እግርን ማወደስ ተመራማሪን ሊያስት ይችላል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት እንደ ገለጸው፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ዘመናቸውን በባዶ እግር የሚኖሩ ገበሬዎች ለእግር እብጠት በሽታ ይጋለጣሉ። ስለዚህ ባዶ እግር ለብዙ ሰው ምርጫ ሳይሆን የድህነት ግዴታ ነበረ፤ ዋጋውንም አስከፍሏል። የተጓዡን ጽናት ከቆዳው ጥንካሬ ብቻ ማውጣት የማይቻለውም ስለዚህ ነው። የጠነከረው እግርም ይታመማል፤ የለሰለሰው እግርም ይደርሳል።

የሁለቱ በዓላት ወቅት ደግሞ ፈተናውን ይለያየዋል። በጥቅምት ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለ ሆነ የሜዳው ጥቁር መረሬ አፈር በየረባዳው እርጥበቱን እንደ ያዘ ይቆያል፤ ጭቃው ከእግር ጋር እየተጣበቀ እርምጃን ያከብዳል፣ ቆዳንም ያለሰልሳል። በመጋቢት ያው አፈር ደርቆና ተሰነጣጥቆ ጠርዙ እንደ ሸክላ ስባሪ ይሆናል። አንዱ መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ሁለት መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስለት ነው። ስለትን እንደ ተራ ልመና አድርጎ የሚመለከት ሰው የእግረኛውን ጠባይ ሊያስተውል አይችልም። ስለት ውል ነው፤ «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አደርጋለሁ» የሚል ቃል ነው። የተሳለው ሰው ልጁ ከሕመም ሲድንለት ወይም ከስደት ሲመለስለት፣ ጃንጥላም ይሁን ጧፍ ወይም ምንጣፍ፣ የተናገረውን ያስገባል። የተሳለው በእግር መሄድን የሆነ እንደ ሆነ ግን የሚያስገባው ገንዘብ እርምጃውን ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ተጓዥ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ለመቀበል ሳይሆን ለመክፈል ነው። በመንገድ ላይ የሚነሣበትም ጥርጥር «አገኝ ይሆን?» የሚል ሳይሆን «ይህን ያህል መክፈል ይገባኝ ኖሯል?» የሚል ነው። ስለቱንም ቤተ ሰቡና ጎረቤቱ ሰምተዋል። ከመንገድ ቢመለስ ባለ ዕዳ ሆኖ ይመለሳል። ሰውየው በሜዳው መካከል ልቡ ሲዝል፣ በብርታቱ ቀን የተናገረው ቃል በድካሙ ቀን ይይዘዋል።

ጥርጥሩም እንደ መንገዱ ዓይነት ይለያያል። የዝቋላ ተጓዥ ፈተና ተራራው ከመነሻው ጀምሮ የሚታይ መሆኑ ነው። ከቂሊንጦ በማለዳ ሲነሣ ቅርብ ይመስለዋል፤ እኩለ ቀን ሲሆንም ተራራው በዚያው መጠን ከፊቱ ቆሞ ያገኘዋል። ግማሽ ቀን ሄዶ ምንም እንዳልሄደ ይሰማዋል። ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ሰው ፈተና የዚህ ተቃራኒ ነው። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ ያሠሩት ይህ ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ በዓሉም ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ይውላል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው ጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። የሚደርስበት ስፍራ በዓይኑ አይታየውም፤ ከአቃቂ ዱከም፣ ከዱከም ቢሾፍቱ፣ ከቢሾፍቱ ሞጆ እያለ ከአንዱ ማደሪያ ወደ ሌላው ብቻ ያስባል። መንገዱ በማደሪያ ስሞች ተቆራርጦ ስለ ቀረበለት ርዝመቱ በአንድ ጊዜ አይወድቅበትም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ይህንኑ ጥበብ ይገልጻል። ለዝቋላ ተጓዥ ግን ማደሪያዎቹ ጥቂት ስለ ሆኑ፣ ጥርጥሩን የሚያሸንፍለት በይበልጥ ባልንጀራው ነው። አብሮ የተነሣ ማኅበር እርምጃውን በደካማው ሰው እርምጃ ልክ ያደርጋል፤ አንዱ ሲያነክስ ሌላው ስንቁን ይቀበለዋል።

ይህ ሥርዓት የበዓል ተጓዦች ብቻ አልነበረም። ከእ.ኤ.አ. 1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ንጉሡ ተንቀሳቃሽ ሰፈር ሲጽፍ፣ ድንኳኖች ሁሉ በታወቀ ሥርዓት ይተከሉ እንደ ነበር ይመሰክራል። የእያንዳንዱ ሹም ስፍራ ከንጉሡ ድንኳን በስተቀኝ ወይም በስተግራ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ሰፈሩ በየትኛውም ሜዳ ቢተከል መልኩ አይለወጥም ነበር። የዚህ ሥርዓት ጥቅም ለክብር ብቻ አይደለም። እግሩ ታሞ ወደ ኋላ የቀረ ወታደር ወይም ስንቅ ተሸካሚ በምሽት ሲደርስ የጌታውን ድንኳን ሳይጠይቅ ያገኛል፤ ወደ ኋላ መቅረት መጥፋት አይሆንበትም። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተዋጋው ሠራዊትም አብዛኛው እግረኛ ነበረ። የዐድዋ ታሪክ ዘወትር የሚጻፈው በጦርነቱ ቀን ነው፤ ያን ቀን ያስቻሉት ግን የወራት እርምጃዎች፣ በሶና ቆሎ የያዙ ስልቻዎች፣ ስንቅ ያዘጋጁና የተሸከሙ ሴቶችና ወንዶች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባውም።

ሌላው የሥርዓቱ ምሰሶ የእንግዳ አቀባበል ነው። መሽቶበት ከደጅ የቆመ መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ በልማዱ መሠረት ባለቤቱ ያስገባዋል። ከምግቡም አስቀድሞ ለብ ያለ ውሃ ቀርቦ እግሩ ይታጠባል፤ የተሰነጠቀውም ቅቤ ይቀባል። ይህ ሥርዓት በጸሎተ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያን ከሚፈጸመው ሕጽበተ እግር ጋር በትሕትናው ቢመሳሰልም፣ በገጠር ቤት ግን ሕክምናም ነው። ጭቃው ሲታጠብ ቁስሉ ይታያል፤ ቁስሉ ሲታይ መንገደኛው በማግሥቱ ለመሄድ መቻል አለመቻሉ ይታወቃል። ሊቀጥል የማይችለውን ሰው «እዚህ ቆይ» የሚለው ባለቤቱ ነው። ጽናት ማለት ሁልጊዜ መቀጠል ብቻ እንዳልሆነ፣ ማረፍን የሚፈቅድ ሰው ማግኘትም እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል።

በባሌ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን በሚደረገው ጉዞ ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። ከሐረርጌ፣ ከአርሲና ከባሌ በእግራቸው የሚመጡት ሙስሊም ተጓዦች ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ፣ ኡሌ ሼክ ሁሴን የሚባል በትር ይይዛሉ። በትሩ ምርኩዝ ነው፤ ከምርኩዝነቱም በላይ ግን ምልክት ነው። በመንገድ ዳር ያለው ሰው በትሩን አይቶ መንገደኛው ማን እንደ ሆነና ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ያስተናግደዋልም። በሃይማኖት የተለያዩ ሕዝቦች ለአንድ ዓይነት ድካም አንድ ዓይነት መድኃኒት ማግኘታቸው፣ ነገሩ የእምነት ብቻ ሳይሆን የአገር ልማድም መሆኑን ያስረዳል።

ይህ ሥርዓት መለወጥ የጀመረው በባቡር ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1915 አቃቂ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሲራራ ነጋዴው ሳምንታት ይፈጅበት የነበረው መንገድ የጥቂት ቀን ሆነ። ነጋዴው ከእግር ጉዞ ሲወጣ የስለት ተጓዡ ግን ቀረ፤ ምክንያቱም ለነጋዴው እርምጃ ወጪ ሲሆን ለተሳለው ሰው ክፍያው ራሱ ነበረ። ይህ ልዩነት ከላይ ለተነገረው ሁሉ ማረጋገጫ ነው። በኋላም መኪና መጣ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ማኅበራት አውቶቡስ ተከራይተው ወደ ገዳማት ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 አገልግሎት የጀመረው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚነሣውም ከቂሊንጦ አጠገብ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ነው። መንገዱ በአጥር የተከለለና ለእግረኛና ለከብት የተከለከለ በመሆኑ፣ ሜዳውን አቋርጦ የሚሄድ ሰው መሻገሪያ ፍለጋ ይዞራል። ስለ መኪና ፍጥነት ሲባል ክልከላው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከአጥሩ ጋር የቆየ የመንገድ ዕውቀት አብሮ እየተቋረጠ ነው።

የሚጠፋው የእግር መንገዱ ብቻ አይደለም። ውሃ የሚገኝበት ስፍራ፣ ጥላው የሚያሳርፍ ዛፍ፣ እንግዳ የሚቀበል ቤት፣ የየረባዳውና የየኮረብታው ስም፣ አብዛኛውም በኦሮምኛ የተሰየመው፣ በሽማግሌዎች አእምሮ ብቻ የሚኖር ነው። እርሻው ወደ ሕንፃ ሲለወጥ ቤተ ሰቦቹ ይበተናሉ፤ ስሞቹም ከእነርሱ ጋር ይሄዳሉ። ገዳማትና ቤተ መንግሥታት መዝገብ አላቸው፤ የማደሪያ ቤቶች ግን መዝገብ የላቸውም። ስለዚህ የጉዞ ታሪክን የሚያጠና ተማሪ ከበዓሉ ስፍራ ይልቅ ከመንገዱ ቢጀምር፣ ስለ ተአምር ብቻ ሳይሆን ስለ ውሃና ስለ ማደሪያ፣ ስለ ስንቅና ስለ እግር ቢጠይቅ፣ ሌላ ሰነድ የማይሰጠውን ዕውቀት ያገኛል። ሥራውም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም።

የቂሊንጦ ሜዳ ሕንፃ ለብሶም ዝቋላ ከደቡቡ እንደ ቆመ ነው። ዛሬም በእግሩ ሊሄድ የተሳለ ሰው ይነሣል፤ እግሩ ግን ከአያቱ እግር ይልቅ ለስላሳ ነው፣ በመንገዱም ዳር የሚያስገባው ደጅ ያነሰ ነው። ለእርሱ ጽናት የበለጠ የግል ሸክም ሆኖበታል። የቀደመው መንገደኛ ከዛሬው የበረታ መስሎ የሚታየውም ብዙ እጅ ይሸከመው ስለ ነበረ ነው።