ከቋራ እስከ መተማ፦ የመሪ ብልህነትና የመካር ነገር

ከጎንደር ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ደጋው አልቆ ሙቀቱ ፊቱን ሲመታው የሰሊጥና የማሽላ አገር ይቀበለዋል። በአንድ በኩል የታች አርማጭሆዋ ሳንጃ አለች፤ በሌላ በኩል ገንዳ ውኃ፣ ሽንፋና ቋራ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ከሱዳኗ ገላባት ጋር የምትተያየው መተማ ዮሐንስ። ሰሊጥ አጫጆች ከየአገሩ ከሚጎርፉበት ወቅት ውጪ የመሐል አገር ሰው እምብዛም የማያነሣው ይህ ቆላ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያን ዙፋን ሁለት ጊዜ ነክቶታል። ቋራ አንድ ንጉሠ ነገሥት አበቀለች፤ መተማ ሌላውን ቀጠፈች። ሁለቱም አእምሯቸው የሰላ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ አገር የሚመራ ሰው እጅግ ብልህ መሆን አለበት ወይ የሚለውን ጥያቄ ለመመርመር ከዚህ ቆላ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

አማርኛ ለአእምሮ ብርታት ብዙ ስም አለው። ብልጥ ለራሱ የሚያውቅ ነው። ብልህ ነገሩን ከነመጨረሻው ያያል። አስተዋይ ሳይመዝን አይናገርም። አገሬው ስለ ገዢ ሲያወራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ “ሰው ይሰማል?” ይላል። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ የሚለው ተረትና ምሳሌም የንጉሡን ጭንቅላት አይለካም፤ የሚቆጥረው ዙሪያውን ያሉትን ነው። የነገሥታቱ የዘር ሐረግ የሚመዘዝበት ሰሎሞን በገባዖን የለመነው ሕዝቡን የሚዳኝበት ልቡና ነበር፤ የዕብራይስጡ ቃል እንዳለ ሲፈታ “የሚሰማ ልብ” ማለት ይሆናል። ልጁ ሮብዓም የሽማግሌዎቹን ምክር ጥሎ አብሮ አደጎቹን በመስማቱ ዐሥሩን ነገድ አጣ። የአብነት ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ነው።

የዘመኑ የሥነ ልቡና ጥናትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ 151 የጥናት ናሙናዎችን በአንድ ላይ የመረመረ ትንተና በአእምሮ ችሎታና በመሪነት መካከል ያለው ዝምድና ከ0.3 በታች መሆኑን አሳየ። ዝምድናው አለ፤ ብዙዎች ከሚገምቱት ግን በእጅጉ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ጆን አንቶናኪስ፣ ሮበርት ሃውስና ዲን ሳይመንተን 379 መካከለኛ የድርጅት መሪዎችን መርምረው በአእምሮ መለኪያ ወደ 120 ገደማ የሚያመጡት ከሁሉ የተሻለ መሪ ሆነው በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ እንደሚታዩ፣ ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን ግምቱ ማሽቆልቆል እንደሚጀምር ጻፉ። የተጠኑት የአገር መሪዎች ስላልነበሩ ውጤቱን እንዳለ አንሥቶ ቤተ መንግሥት ላይ መለጠፍ አይገባም። ነገር ግን ከተከታዮቹ አስተሳሰብ እጅግ የራቀ ሰው ሐሳቡን ለማስረዳት ይቸገራል የሚለው ማብራሪያ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ብልህነት ደግነትን እንደማያስከትል ለማየት ሩቅ መሄድ ካስፈለገ ኑረምበርግ አለ። የናዚ ባለሥልጣናት ለፍርድ ሲጠባበቁ የእስር ቤቱ የሥነ ልቡና ባለሙያ ጉስታቭ ጊልበርት የአእምሮ ችሎታቸውን ለክቶ ነበር፤ ሄርማን ጎሪንግ 138 አመጣ።

ወደ ቋራ እንመለስ፤ ነገሩ የሚጠራው እዚያ ነውና።

ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባለው ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሰ። ወታደርነትን የተማረው በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ነው፤ ክንፉ በ1829 ዓ.ም. በድንበሩ ቆላ የግብፅን ጦር ድል ያደረገ ሰው ነበር። ካሣ ከዚያ በኋላ የሸፈተው በዚያው በቋራ በረሃ ነው። ሽፍትነት ከባድ የመሪነት ትምህርት ቤት ነው። ውኃው የት እንደሚገኝ፣ ንዳዱ መቼ እንደሚበረታ፣ የትኛው ገበሬ እንደሚያስጠጋና የትኛው እንደሚጠቁም ያላወቀ ሽፍታ ሳምንት አይከርምም። ከሁሉ በላይ ተከታዮቹ በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው፤ አለቃቸው ሲሳሳት ጠዋት ተነሥተው መሄድ ይችላሉ። የቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፈው ደብተራ ዘነብ እንደሚተርከው ካሣ የዘረፈውን ገንዘብ ለአካባቢው ገበሬ እያካፈለ ማረሻ እንዲገዛበት ያደርግ ነበር። ይህ ርኅራኄም ስሌትም ነው። ብልህነቱ በየዕለቱ ይፈተን፣ ስሕተቱም በየዕለቱ ይነገረው ነበር።

የዚህ ትምህርት ታላቁ ቀን በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ደረሰ። ካሣ ወደ ሱዳን ዘልቆ በምሽግ ውስጥ በመድፍ የሚጠብቀውን የግብፅ ጦር ገጠመና ክፉኛ ተመታ፤ ራሱም ቆሰለ። ብዙ ጦረኛ እንዲህ ያለውን ቀን በዕድል ወይም በከሓዲ ያሳብብ ነበር። ካሣ ያሰበው ሥርዓት ያለው ጥቂት ወታደር ሥርዓት የሌለውን ብዙ ጀግና እንዴት እንደረታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራዊት ሥልጠናና የመድፍ ነገር ከልቡ አልወጣም። ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሰኔ 1845 አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በመጨረሻም ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤ ለራሱ ዘውድ ባዘጋጀው በደረስጌ ማርያም ነገሠ። ይህን ሁሉ ከደባርቂ ሽንፈት በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ መፈጸም የላቀ አእምሮ ሥራ መሆኑ አያከራክርም።

ከዘውዱ በኋላም የአእምሮአቸው ስፋት ያስደንቃል። አፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕላቸው በግእዝ ፈንታ በአማርኛ እንዲጻፍ መንገድ የከፈቱ ንጉሥ ናቸው። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት መቅደላ ላይ አሰባስበዋል። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን መድፍ እንዲያቀልጡ አድርገው ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠርተዋል። የቤተ ክህነትን መሬት ቆጥረው ለደመወዝተኛ ሠራዊት ማዋል የፈለጉት ከዘመናቸው ሁሉ ቀድመው ነው፤ ችግሩን በትክክል አይተውታል። ወታደር ከገበሬ ጎተራ እየዘረፈ እስካደረ ድረስ አገር አይጸናም።

ታዲያ እንዴት በ13 ዓመት ውስጥ አገሩ በሙሉ ከእጃቸው ወጣ? በልጅነት እንደሚነገረው የፈረንጅ ክፋትና የመሳፍንት ቅናት ብቻ በቂ ምላሽ አይሆንም። በቋራ ተከታይ ትቶ መሄድ ይችል ነበር፤ በዙፋን ፊት ግን የሚሄድ ሰው ከሓዲ ይባላል። ንጉሡን ደፍረው መናገር የሚችሉት ጥቂቶች ደግሞ ተራ በተራ ጠፉ። ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እንግሊዛውያኑ ዋልተር ፕላውደንና ጆን ቤል ተገደሉ። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ ታስረው እስር ላይ እንዳሉ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ዐረፉ። ከዚህ በኋላ ለንጉሡ የሚደርሰው ወሬ ሁሉ በፍርሃት የተጣራ ሆነ። ለንግሥት ቪክቶሪያ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. የጻፉት ደብዳቤ ለረጅም ጊዜ መልስ ሲያጣ ያንን ዝምታ የሎንዶን ቢሮ ቸልታ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ንቀት ነው ብለው የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ። ጎንደርን አቃጠሉ። ደባርቂ ላይ ከመድፍ የተማረው ሰው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በእንግሊዝ መድፍ ተከቦ በገዛ እጁ ሞተ። አእምሮአቸው በእነዚህ ዓመታት ደነዘዘ ብሎ የሚከራከር የታሪክ ሰው የለም። ያጡት እንደ በረሃው ዘመን እውነቱን ፊት ለፊት የሚያቀርብላቸውን ነው።

አፄ ዮሐንስ የተለየ ሰው ነበሩ፤ ቀዝቃዛና ታጋሽ። ጉንደትና ጉራዕ ላይ ግብፅን ድል ካደረጉ በኋላ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር የዓድዋን ውል ፈረሙ። በውሉ ቦጎስ ይመለሳል፤ ምጽዋ ለኢትዮጵያ ንግድ ትከፈታለች፤ ንጉሡ በምላሹ በሱዳን ደርቡሾች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ይረዳሉ። በወረቀት ላይ ብልህ ውል ነው። ነገር ግን በ1877 ዓ.ም. ጣሊያን እንግሊዝ እያየች ምጽዋ ገባ፤ የመተማን የግብፅ ጦር ጨምሮ ከበባውን ያስጣሉት ኢትዮጵያውያን ደግሞ የደርቡሽን ጠላትነት ወረሱ። ንጉሡ ሁለት ጦር ግንባር ላይ ቆመው ቀሩ።

በ1880 ዓ.ም. ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው ሰዓጢ ድረስ ሄዱ። ጣሊያኖች በምሽግ ውስጥ መሆናቸውን አይተው ሕዝባቸውን መድፍ ላይ ሳይማግዱ ተመለሱ፤ ይህ ፈሪነት ሳይሆን አስተዋይነት ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የደርቡሹ አዛዥ አቡ አንጃ በሣር ውኃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደርን ዘርፎና አቃጥሎ ነበር። በ1881 ዓ.ም. ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ፤ መልሱ ስድብ ሆኖ መጣ። ስለዚህ ወደ መተማ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የአዲሱን የደርቡሽ አዛዥ የዘኪ ቱማልን አጥር ሰብሮ ገባ፤ ድሉ በእጅ ነበር። ንጉሡ በጥይት ቆሰሉ። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ሲሰማ እየገፋ የነበረው ጦር ተፈታ፤ እርሳቸው በማግስቱ ዐረፉ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ራሱ ይለወጣል። ዮሐንስ በብልህነታቸው ይበልጡ ወይም ያንሱ የሚለው ክርክር መተማ ላይ ከሆነው ጋር ብዙም አይገናኝም። አንድ ጥይት አንድን ሰው መትቶ ያሸነፈ ሠራዊትን መበተን ከቻለ አገሩ ሁሉ በአንድ አካል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሚያዝያ 25 ቀን የሸዋው ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ።

ምኒልክም ተታለዋል። የውሉ አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ስትጻጻፍ በጣሊያን በኩል ማድረግ ትችላለች ሲል በጣሊያንኛው ግን ግድ ያደርጋታል። ጣሊያንኛ የማያውቁት ንጉሥ ይህን በራሳቸው ሊያገኙት አልቻሉም። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው፤ ስሕተቱ ሲነገራቸው ተቀበሉት፤ ውሉንም በይፋ ሻሩት። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣሊያን ምሽግ አልሰበር ሲል ውኃውን መያዝ ይሻላል ያሉት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ፤ ምኒልክ ሰሙ፤ ጣሊያኑም በጥም ተጨንቆ ምሽጉን ለቆ ወጣ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾሙ። በ1902 ዓ.ም. በከባድ ሕመም ተይዘው እስከ ታኅሣሥ 1906 ሲተኙ ቤተ መንግሥቱ በሽኩቻ ቢታመስም እንደ መተማው ቀን አገሩ አልተበተነም። ምኒልክን ከቴዎድሮስ በላይ ብልህ የሚል ሰው ማግኘት ይቸግራል። ከምክር ሰጪዎቻቸው ጋር መኖር ማወቃቸው ግን አያጠራጥርም።

ይህ ሁሉ ለመሪ እውቀት አያስፈልገውም ወደሚል መደምደሚያ ቢወስድ ስሕተት ይሆናል። የበጀት ወረቀት፣ የድንበር ውልና የብድር ስምምነት የማይገባው ሰው መካሪዎቹ የሚጋጭ ነገር ሲነግሩት የትኛውን እንደሚይዝ አያውቅም፤ ማዳመጥም ለራሱ አቅም ይፈልጋል። በቅርቡ ታሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሥልጣን ላይ ሆነው ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲና ከሮተርዳሙ ኢራስመስ ሁለት ዲግሪ የያዙ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ጭምር አእምሮአቸው የሰላ መሆኑን የሚመሰክሩላቸው መሪ ነበሩ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ተተኪያቸው በየካቲት 2010 ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ፤ ድርጅታቸው ኢሕአዴግም በ2012 ፈረሰ። የመፍረሱ ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያስብለት ድርጅት ማሰብን መለማመድ መርሳቱ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ዛሬ መተማ ላይ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሺህ እየሆኑ ተሻግረዋል። የሰሊጥ ነጋዴው ዋጋው ሲናጋ ያውቃል። የጤና ጣቢያ ሠራተኛው በሰሊጥ እርሻ ላይ የካላዛር በሽታ ሲበዛ ከማንም በፊት ያያል። የሚሊሻው አዛዥ የድንበሩን ሌሊት ያውቃል። ዮሐንስ ሰዓጢ ምሽግ ፊት ሲቆሙ ጎንደር ቀድሞ አመድ ሆኖ ነበር፤ ወሬው በእግር ተጉዞ ነው የደረሰው። አሁን ከገንዳ ውኃ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ስልክ ለመደወል ደቂቃ አይፈጅም። መልእክቱ በየቢሮው ሲያልፍ ምኑ እንደሚቀነስ፣ ምኑ እንደሚለዝብ፣ መጨረሻ ላይ መሪው ጠረጴዛ ላይ ምን ሆኖ እንደሚቀርብ አንድ ተመራማሪ ከሳንጃ ወይም ከሽንፋ አንዲት ሪፖርት ተከትሎ እስከ ላይ ቢሄድ በመሪነት ጥናት ላይ ከብዙ የአእምሮ መለኪያ የበለጠ ነገር ያገኛል።