ሚዛን ያልወጣ ጓዝ

አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። ሥራው ተሳፋሪው በእጁ ይዞ የሚገባውንና በዕቃ ፉርጎ የሚጫነውን መለየት፣ የሚጫነውን መዝኖ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። ሲያወሩት የልጅ ሥራ ይመስላል። ማታ ቤት ገብቶ እግሩን እየታጠበ የሚያጫውተን ግን ሚዛን ስላልወጣው ዕቃ ነበር፦ ሰባት ቀሚስ ደራርባ ስለተሳፈረች ሴት፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቦርጫም ሆኖ ስለተመለሰ ጎረምሳ፣ ጋቢው ውስጥ ሬዲዮ በራሱ ጊዜ ስለዘፈነበት ሽማግሌ። «ዕቃ መዝን ነው የተባልኩት፤ ሰው መዝን አልተባልኩም» ይልና ይስቃል።

ስለ ምድር ባቡራችን ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውሉ፣ ስለ ሐዲዱና ስለ ድልድዩ ነው። ደግ ነው፤ ይጻፍ። ለእኔ ግን የዚያ መስመር ታሪክ የተሠራው ከወንበር በታችና ከጭን በላይ ነው።

ከባቡሩ በፊት ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር የሚመጣ ሸቀጥ በግመል፣ ደጋውን ሲይዝ ደግሞ በበቅሎና በአህያ ይጓዝ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ጓዙን ከዓይኑ አያርቅም። ማታ ጭነቱን አራግፎ እንደ ቅጥር ይደረድርና መሐሉ ይተኛል። ባቡሩ ሲመጣ የተሳፈረበት ይኸው ሰው ነው።

አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚበላ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ ከተራራው ሥር በሜዳው በኩል ተዘረጋ፤ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሠረ፣ ሌላ ተረከበው፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። መንገዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን የሐዲዱ ወርድ አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ሐዲዱ ሲጠብ ፉርጎውም ይጠባል። በዚያ ላይ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ዳገት ላይ የሚያቃስት ሎኮሞቲቭ ትርፍ ኪሎ አይወድም።

ፈረንሳዮች በአገራቸው ለአንድ ተሳፋሪ 30 ኪሎ ጓዝ በነፃ የሚጭኑበት ደንብ ነበራቸው። ጓዙ ይመዘናል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ በዕቃ ፉርጎ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ባርኔጣውንና በትሩን ይዞ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ንብረቱን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ በቁራጭ ወረቀት የሚተማመን ተሳፋሪ ይፈልጋል። ጭነቱን ተንተርሶ ያደገ ሰው ይህን በአንድ ትውልድ አይለምድም፤ ባቡሩም ቢሆን እንዲለምደው አልረዳውም። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ሌሊት አይኬድም ነበርና ከጅቡቲ የተነሣ ባቡር ድሬዳዋ ያድራል፣ በማግሥቱ አዋሽ ያድራል፣ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። አንደኛ ማዕረግ የተሳፈረው ሆቴል ይወርዳል። ሦስተኛ ማዕረግ የተሳፈረው ደግሞ ጣቢያው ወለል ላይ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጆንያውን ትራስ አድርጎ ያድራል። እንግዲህ ይህ ሰው ጆንያውን ለፉርጎ ቢሰጥ በምን ይተኛ?

የመኳንንቱ ጓዝ ሌላ ወግ ነበረው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አስከትለው ወደ አውሮፓ ሲሄዱ የወረዱት በዚሁ መስመር ነው፤ ከጓዙ መሐል ለነገሥታትና ለመሪዎች የሚበረከቱ አንበሶችና የሜዳ አህዮች ነበሩበት። አንበሳ ስንት ኪሎ እንደሚነሣ ደፍሮ የጠየቀ ሚዛን ሠራተኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ድሬዳዋ የባቡር ከተማ የመሆኗን ያህል የጉምሩክ ከተማም ነበረች። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የክሎቡኮቭስኪ ውል የገቢ ቀረጡን ከመቶ 10 ላይ አሰረው፤ ያንን ቀረጥ ለመሰብሰብ ሁነኛው ቦታ የድሬዳዋ ጣቢያ ነበር። የከተማዋን ጉምሩክ ከመሩት አንዱ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን የጻፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ገና በወጣትነታቸው በ1911 እስኪሞቱ ድረስ ሥራቸው ይኸው ነበር። እኚህ ሰው ልጅ ሳሉ ምጽዋ ላይ የቆመ መርከብ ለማየት ገብተው፣ እዚያው ተደብቀው ቀርተው ነው ባሕር የተሻገሩት። ማንም ያልመዘነው፣ ማንም ደረሰኝ ያልቆረጠለት ጓዝ ሆነው መሆኑ ነው። ከወንበር ሥር የተሸጎጠ ነገር ጎትተው ሲያወጡላቸው ፈገግ ይሉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የእጅ ጓዝ የነገሠው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ጅቡቲ በ1941 ዓ.ም. ነፃ ወደብ ሆነች፤ ፍራንኳም በዶላር ታሰረ። በእኛ በኩል በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ቁጥጥሩ ጠበቀ፣ የሱቁ መደርደሪያ ተራቆተ። ብራችን ባንክ ቤት ለአንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሣንቲም እንደሆነ እስከ 1985 ቆየ፤ ገበያው ይህን ሒሳብ አያውቅም። ጅቡቲ ላይ እንደ ልብ የሚገዛ ሽቶ፣ ሻምፖ፣ ሲጋራ፣ ሻሽ፣ የካሴት ሬዲዮ ድሬዳዋ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው፤ አዋሽን ከተሻገረ ደግሞ ሌላ። ይህን ልዩነት በጀርባቸው፣ በወገባቸውና በጡታቸው መሐል የተሸከሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሶማሌዋ፣ ኦሮሞዋ፣ አደሬዋ፣ አማራዋ፣ ጉራጌዋ አንድ ወንበር ላይ ተጨናንቀው።

ከነዚህ አንዷ ጎረቤታችን ነበረች። ሰፈሩ በሙሉ አዴ ይላታል። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይዘወተርም፤ አንቺ እያልኩ ማውራቴን የሌላ አገር ሰው እንዳይታዘበኝ።) የአዴ ትልቁ ችሎታ መደበቅ አልነበረም፤ ባዶ እጁን የሚጓዝ ሰው ከሩቅ መለየት ነበር። ፈታሾቹ ለአንድ መንገደኛ ለራሱ መገልገያ የምትሆን ጥቂት ነገር ያሳልፉለታል፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ሁለት ሦስት ሳሙና። እንግዲያው አንድ ቦንዳ በሃያ ሰው እጅ ከተበተነ ቦንዳነቱ ቀረ ማለት ነው። አዴ ፉርጎው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ትዘዋወራለች። «አቦ ወንድሜ፣ ይቺን ያዝልኝ። እናቴ፣ ይቺን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊልኝ።» ፈቃድ ይዞ የሚሄድ ወታደር የሕፃን ልብስ ይሰጠዋል። ለቅሶ የሚሄዱ ሽማግሌ ሽቶ ይዘው ይቀመጣሉ። ፈታሽ መጥቶ «የማነው?» ሲል መልሱ አንድ ነው፤ «የኔ ነዋ!»

ድሬዳዋ ሲደርሱ አዴ ከጣቢያው በር ውጭ፣ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ቆማ ትሰበስባለች። ለማን ምን እንደሰጠች የምትጽፍበት ወረቀት አልነበራትም፤ ዕቃዬን ይዞብኝ ጠፋ ብላ ስታማርር ግን ሰምቼ አላውቅም። ለውለታው ለሴቶቹ ሳሙና፣ ለወታደሩ ሲጋራ፣ ለልጆች ብስኩት ትሰጣለች። አባቴ ሁሉንም ያያል። «ቦታ የሚሸጠው ትኬት ቢሮ ብቻ መስሏችኋል?» ይለን ነበር፤ እውነቱን ነው። ጓዝ የሌለው ተሳፋሪ ሁለት ነገር ይዞ ይሳፈራል፤ ራሱን የሚያስቀምጥበት ወንበርና ሌላ ሰው የሚጠቀምበት መብት። ሁለተኛው አንዳንድ ቀን ከአንደኛው ይወደዳል።

ለከባዱ ዕቃ ሌላ ዘዴ አለ። የፉርጎው ኮርኒስ ብሎኑ ተፈትቶ በጨርቅ ይጠቀጠቅና መልሶ ይታሰራል። ከወንበር ሥር ካርቶን ይገፋል፣ ከፊቱ ሴቶቹ ሰፊ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ወንድ ፈታሽ ያንን ቀሚስ ገልጦ ለማየት ደፋር መሆን ነበረበት። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው መስኮቱ ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ ሊገባ ሽንሌን አልፎ ቀዝቀዝ ሲል ቦንዳው ይወረወራል፤ ታች የሚጠብቁ ልጆች ያነሡትና በአህያም በእግርም ወደ መጋላ ሰፈር ያስገቡታል። ባቡር በሚገባበት ቀን ከክፍላችን የሚቀሩት ልጆች የት እንደዋሉ አስተማሪው አይጠይቅም። ትከሻቸውን አይቶ ያውቀዋል።

ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ጓዝ ጠባዩ ለየት ይላል። ጫት ቀን አይሰጥም፤ ከሐረርጌ ደጋ ተቀጥፎ፣ በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ወርዶ ቶሎ ገበያ ካልደረሰ ድርቆሽ ነው። ስለዚህ ለጫት ሰው ይነሣለታል። በኋላ አውሮፕላንና መኪና ብዙውን ወሰዱት እንጂ ጠዋት ጣቢያው የሚሸተው ጫትና ቂቤ ነበር። ቂቤው፣ በርበሬውና ሽሮው ጅቡቲ ላሉ ዘመዶች የሚላክ ነው፤ የቂቤ ቅል ከማን እግር አጠገብ ይቀመጥ የሚለው ጠብ እስከ አይሻ ጣቢያ ድረስ ሊዘልቅ ይችላል።

በአዲስ አበባው አቅጣጫ ደግሞ ጓዝ መንገድ ላይ ያድጋል። ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ይገባል፤ ቀጥሎ ባሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ወተት በቅል፣ ከሰል በጆንያ። አንድ ዘንቢል ይዞ የተነሣ ሰው ለገሃር ሲወርድ ኩሊ ይጠራል።

አባቴ ከማን ወገን ነበር? እሱ ፊት የመጣውን በትክክል ይመዝናል፤ ሚዛን ሰርቆ አያውቅም። ያልመጣውን አይፈልግም። የቤታችን መጋረጃ ከየት እንደመጣ ግን እናቴን አልጠየቃትም። የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሚስቶች በመስኮት የተወረወረ ጨርቅ ቀፊራ ገበያ ላይ ሲሸጡ አይቻለሁ፤ ባልየው የሠራውን ጨርቅ ገበያ ሚስትየው ትሻማለች፤ ሁለቱም ግን አንድ ቤት ያስተዳድራሉ። መንግሥት ቀረጡን አጣ፤ ይህ እውነት ነው። ከተማዋ ግን በዚያ ቀረጥ ልጅ አሳደገች፤ እኔ ለየትኛው እንደማደላ ከአጻጻፌ ሳይታወቅ አይቀርም።

አሮጌው ባቡር የሞተው ቀስ በቀስ ነው። በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ድልድዮች ፈነዱ፤ ተጠገኑ። በ1973 ኩባንያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ሆነ። ሎኮሞቲቩ አረጀ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው የሰው ባቡር ቆመ። ድሬዳዋና ጠረፉ መሐል ግን አንድ ሁለት ፉርጎ እየጎተተ የሚንገታገት ባቡር ለጥቂት ጊዜ ቀጥሎ ነበር። ማን እንዳቆየው ለመገመት አይከብድም።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን በ2010 ጀመረ። የሐዲዱ ወርድ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፉርጎው ሰፊ፣ ከራስ በላይ የሻንጣ መደርደሪያ ያለው፣ ተደራራቢ አልጋም የተሠራለት። ንጹሕ ነው፤ ተመችቶኛል። ነገር ግን መደርደሪያውን ቀና ብዬ ሳየው ለማን እንደተለካ ይገባኛል። ፉርጎው በተሠራበት በቻይና አገር የአዋቂ የእጅ ጓዝ 20 ኪሎ፣ የልጅ 10 ኪሎ ነው፤ የሻንጣው ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ይህ ልክ ለባለጎማ ሻንጣ ይሆናል። የጆንያ ወርድ እንዴት ይለካል? እንደጎተቱት ነው። በዚያ ላይ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ አንድ ጆንያ ይዞ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ባጃጅ መለመን ያስፈልጋል።

እኔን ቢጠይቁኝ መፍትሔው ከመደርደሪያው ጋር መጣላት አይደለም። ቻይኖቹ ራሳቸው በረጅም መንገድ ባቡሮቻቸው ላይ የዕቃ ፉርጎ ይቀጥላሉ፤ አንድ እንዲህ ያለ ፉርጎ ከኋላ ቢጨመርና ትንሹ ነጋዴ ቀረጡን በመስኮት ከፍሎ ደረሰኙን የሚይዝበት ቀላል አሠራር ቢኖር፣ ፉርጎው ባዶውን የሚመላለስ አይመስለኝም።

ሴቶቹ ይህ እስኪሆን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ዛሬ በሚኒባስና በአውቶቡስ ነው የሚመላለሱት። አዋሽ ኬላ ከመድረሱ በፊት አንዷ ትነሣና በመተላለፊያው መሐል እየተዘዋወረች፣ ሻንጣ ያልያዘ ሰው እየመረጠች፣ «ይቺን ያዝልኝ» ትላለች። ባለፈው እኔንም መረጠችኝ፤ ሁለት ሻምፖና አንድ የሕፃን ጫማ ይዤ ኬላውን አለፍኩ።