የቧንቧ ፍንዳታ

የቧንቧ ፍንዳታ የውሃ መስመር ከአቅሙ በላይ ግፊት ሲያርፍበት ወይም በዝገት ሲሳሳ ተሰንጥቆ፣ አለዚያም ከመገጣጠሚያው ተላቅቆ ውሃ የሚለቅበት ብልሽት ነው።

በብርድ አገሮች ዋናው መንስኤ ውርጭ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቧንቧው ግን ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በረዶው ራሱ ገፍቶት ሳይሆን በበረዶውና በተዘጋው መክፈቻ መካከል በታፈነው ውሃ ግፊት ነው፤ በውርጭ ሌሊት መክፈቻውን ጥቂት ላላ አድርጎ ማንጠባጠብ የሚመከረው ለዚህ ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ ለብርድ ያልተሠሩ ብዙ ቤቶች በዚሁ ምክንያት በውሃ ተጥለቅልቀዋል።

በአዲስ አበባ ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ያረጀ የብረት ቧንቧ፣ በደንብ ያልተያያዘ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ፣ እንዲሁም በፈረቃ የሚመጣ ውሃ። ውሃው ሲመለስ በመስመሩ የቆየውን አየር እየገፋ ይመጣል፤ መክፈቻው እየተንፈቀፈቀ የሚተፋውም ይህንኑ አየር ነው። ውሃው በድንገት ሲመለስ የሚፈጥረው ምት የደከመውን ቦታ ይበጥሳል።

ፍንዳታ ሲደርስ በቅድሚያ ከውሃ ቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ ይዘጋል። ጣሪያ ላይ ታንከር ካለ የእርሱም መውጫ መዘጋት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ውሃው ወደ ኤሌክትሪክ ሶኬት ከተጠጋ፣ እጅና እግር ደረቅ ሆኖ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ጋ መድረስ ከተቻለ ብቻ መብራት ይጠፋል። ስንጥቁን በላስቲክ ጠምጥሞ በሽቦ ማሰር የቧንቧ ሠራተኛ እስኪመጣ ብቻ ያገለግላል።

ፍንዳታ ባይታይም፣ ታንከሩ ሞልቶ፣ መክፈቻው ሁሉ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ያፈሳል።