ሰናፍጭ በጾምና በፍስክ ገበታ

ታሪክ ሲባል በየክፍላችን አዘውትረን የምናስተምረው የነገሥታትን ዘመንና የጦርነትን ውሎ ነው። ይሁን እንጂ ሕዝብ በዘመናት ያካበተው ዕውቀት በጓዳም ይገኛል። ለዚህም ሰናፍጭን በምሳሌነት እንመልከት።

በመጀመሪያ ስሙን እናንሣ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የተጠቀሰችውን ቅንጣት ግዕዙ «ስናፔ» ይላታል፤ ይህም ከግሪኩ «ሲናፒ» የተወረሰ ቃል ነው። ተክሉ ደግሞ የጎመን ዘመድ ነው። ኡ ናጋሃሩ የተባለው የእጽዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1935 በጃፓን ባወጣው ጥናት፣ በደጋችን የሚበቅለው ጎመን ዘር ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ መሆኑን አመልክቷል። ሰናፍጭ 8፣ ጥቅል ጎመን 9፣ ጎመን ዘር 17 ጥንድ ክሮሞሶም አላቸው፤ ስሌቱን ተማሪ ሁሉ ሊደምረው ይችላል።

ወደ ገበታው እንምጣ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ስለማይበሉ፣ የወጡን ጣዕም የሚያነሣ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ስልጆ ከዚህ ፍላጎት ጋር የተያያዘ ምግብ ነው። የሱፍ ውኃና የባቄላ ዱቄት አብረው ይበስላሉ፤ ከበረደ በኋላ የተፈጨ ሰናፍጭ ይጨመርበትና ለቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ፋሲካ ሲደርስም ሰናፍጭ ከገበታ አይወርድም፤ ከአዋዜ ጋር ለቁርጥ ሥጋ ማባያ ይቀርባል። ስለዚህ የጾሙንም የፍስኩንም ማዕድ የሚያገናኝ ቅመም ነው ለማለት እንችላለን።

«ከበረደ በኋላ» የሚለው ትእዛዝ በዘልማድ ብቻ የተባለ አይደለም። ደረቁ ፍሬ አያቃጥልም። ተፈጭቶ ውኃ ሲነካው ግን በውስጡ ያለው ኤንዛይም ሥራውን ይጀምርና አፍንጫ የሚሰነፍጠው ዘይት ይፈጠራል። የፈላ ውኃ ኤንዛይሙን ስለሚያበላሸው ሰናፍጩ ኃይል ያጣል። እናቶቻችን የኤንዛይምን ስም ሳይሰሙ ሥራውን በተግባር ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት በአብዛኛው የሚተላለፈው በቃልና በዓይን ነው። ባለሙያዋ ሳታስተምር ካለፈች አብሯት ያልፋል። እንግዲህ እኛ መምህራን ለተማሪዎቻችን አንድ ሥራ እንስጥ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጠይቆ የአንድ የጾም ወይም የበዓል ምግብ አሠራር በደብተሩ ይመዝግብ፤ መቼና ለምን እንደሚሠራም ጭምር ይጻፍ። እንዲህ ሲሆን የታሪክ ትምህርት ከጓዳችን ጋር ይተዋወቃል።