ተቆጣጣሪ የጥርስ ሐኪም፦ የሥራ ድርሻውና የታካሚው መብት

ተቆጣጣሪ የጥርስ ሐኪም በማስተማሪያ ሆስፒታል ታካሚዎችን እያከመ በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን (ሬዚደንቶችን) ሥራ የሚመራ ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአፍ፣ በመንጋጋና በፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ከሚያሠለጥኑ ተቋማት አንዱ ነው።

የሥራ ድርሻ
ሬዚደንቱ ታካሚውን መርምሮ የሕክምና ዕቅድ ያቀርባል፤ ተቆጣጣሪው አረጋግጦ ያጸድቃል። ውስብስብ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ራሱ ያከናውናል ወይም አብሮ ይሠራል። በመሆኑም በሠልጣኝ ሐኪም መታከም ያለ ኃላፊ መታከም ማለት አይደለም።

የታካሚ መብት
ሕክምና በታካሚው ፈቃድ ላይ መመሥረት አለበት። የስምምነት ቅጽ ከመፈረምዎ በፊት የሚያክምዎት ማን እንደሆነ፣ ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ፣ ሕክምናው ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችልና ሌላ አማራጭ መኖሩን ይጠይቁ። ማብራሪያው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሚረዱት ሌላ ቋንቋ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።

የሪፈራል ቅደም ተከተል
የመቻራና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ፤ እንደ ሕመሙ ሁኔታ ወደ ገለምሶ ወይም ወደ ጭሮ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይላካሉ። ሲሄዱ የሪፈር ወረቀት፣ ቀደም ሲል የተነሡትን ራጅና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዙ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን መያዝና ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ለውበት የሚደረግ ሰው ሠራሽ ጥርስ በመድኑ አይሸፈንም።

አስቸኳይ ሁኔታ
የፊት ወይም የአንገት እብጠት ከትኩሳት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ከመቸገር ጋር ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።